ስሜት ሳይኖር የሚሣል ሥዕል ሐሰት ነውን?

በወጣቶች መካከል ሥዕል የሚወድ ብዙ ነው። የደብተሩን ጠርዝ የሚያስጌጥ፣ የጓደኛውን መልክ በእርሳስ የሚሞክር፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየውን መልአክ በወረቀት የሚገለብጥ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ሳያቋርጥ በየጊዜው የሚሥል ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው አዲስ ደብተር ይገዛል፤ የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት ገጾች በታላቅ ትጋት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩ ከመጻሕፍት ሥር ገብቶ አቧራ ይጠጣል። ለምን እንደተወው ሲጠየቅ "ጊዜ አጣሁ" ወይም "ወረቀት አለቀብኝ" የሚል አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው መልስ ግን "ስሜቱ የለኝም" የሚለው ነው።

ይህ መልስ ሲሰሙት ቀላል ማመካኛ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ከበስተጀርባው ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይገኛል። በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚማር አንድ ጓደኛዬ ጥያቄውን በግልጽ አስቀምጦልኛል። "ሥዕል የልብ ቃል ነው። ልቤ ዝም ባለበት ቀን እጄ ቢናገር፣ እጄ ዋሸ ማለት ነው። ስለዚህ ስሜት በሌለኝ ቀን አለመሣሌ ስንፍና ሳይሆን ታማኝነት ነው" አለኝ።

አነጋገሩ ያምራል፤ በቀላሉም የሚናቅ አይደለም። እርሱ ያለው እውነት ከሆነ፣ ስሜት ኖረውም አልኖረውም በየዕለቱ የሚሥል ሰው ግብዝ ነው ማለት ነው። እርሱ ያለው ትክክል ካልሆነ ደግሞ ብዙዎቻችን ለስንፍናችን የታማኝነትን ካባ ደርበንለታል ማለት ነው። ሁለቱም ቀላል ነገር ስላልሆኑ ጉዳዩን ቀስ ብለን እንመልከተው።

በመጀመሪያ ለጓደኛዬ ሐሳብ ተገቢውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። በእርግጥም ሐሰተኛ ሥዕል የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው ያዘነ ዓይን እንዴት እንደሚሣል አንድ ጊዜ ይማራል እንበል። ከዚያ በኋላ የእረኛውንም፣ የእናቱንም፣ የሙሽራይቱንም ፊት ሲሥል ያንኑ ዓይን እየቀዳ ያስቀምጣል። ተመልካቹም "አቤት ሐዘኑ!" ይላል። ይህ ማታለል ነው። ነገር ግን ሥዕሉን ሐሰት ያደረገው ምንድን ነው? የሠዓሊው ስሜት መጥፋት ነውን? አይደለም። ይህ ሰው በሚሥልበት ጊዜ እንባው በጉንጩ ላይ ቢወርድ እንኳ፣ ያ የተቀዳ ዓይን ያው የተቀዳ ዓይን ነው። ሐሰት የሆነው ሰውየው ከፊቱ ያለውን ሰው ስላላየ ነው። እንግዲህ ስሜት መኖሩ ሥዕልን ከሐሰት አያድነውም፤ ስሜት አለመኖሩም ብቻውን ሐሰት አያደርገውም።

ነገሩን በቤታችን ባለ ዕቃ እንፈትነው። አንድ ጀበና ከፊታችን እናስቀምጥ። ጀማሪ ሠዓሊ የጀበናውን አፍ ሲሥል ሙሉ ክብ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም አፉ ክብ መሆኑን ያውቃል። ነገር ግን ተቀምጦ ከጎን ለሚያይ ሰው ያ ክብ ክብ ሆኖ አይታይም፤ ጠበብ ያለ ሞላላ ሆኖ ነው የሚታይ። ጀማሪው የሣለው የሚያውቀውን እንጂ የሚያየውን አይደለም። የሰው ፊት ሲሥልም እንዲሁ ነው። ዓይኖችን ወደ ላይ፣ ወደ ግንባሩ አስጠግቶ ያስቀምጣቸዋል። በእውነቱ ግን የሰው ዓይን ከአናቱ እስከ አገጩ ካለው ርቀት እኩሌታው አካባቢ ላይ ነው። ይህን የማያምን በመስተዋት ፊት ቆሞ በጣቱ ለክቶ ይመልከት። በየዕለቱ ፊታችንን የምንታጠብ ሰዎች ዓይናችን የት እንዳለ አለማወቃችን አያስገርምምን?

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። በልምምድ ላይ ያለ ሰው የሚሥለው ሥዕል በመጀመሪያ ደረጃ ስለ ልቡ የሚሰጠው ምስክርነት አይደለም። ስለ ጀበናው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ጀበናው እንዲህ ያለ አንገት አለው፤ እጀታው ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ይገባል፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ በኩል ይመጣል እያለ ይመሰክራል። ምስክር ደግሞ የሚጠየቀው "አይተሃል ወይ?" ተብሎ ነው እንጂ "ስታይ ደስ ብሎህ ነበር ወይ?" ተብሎ አይደለም። ደስ ሳይለው በትክክል ያየ ምስክር እውነተኛ ነው። ልቡ በስሜት ተሞልቶ ያላየውን የተናገረ ምስክር ሐሰተኛ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይከተላል። ሰው የሚጠየቀው በሥልጣኑ ሥር ባለው ነገር ነው። ስሜት ደግሞ በሥልጣናችን ሥር አይደለም። ማንም ሰው "ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ልብህ ይነሣሣ" ተብሎ ሊታዘዝ አይችልም። "ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተቀምጠህ ይህን ጀበና ተመልከት" ተብሎ ግን ሊታዘዝ ይችላል። ክንዱን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእርሳሱና በአውራ ጣቱ የጀበናው ስፋት በቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ መለካት ይችላል። በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ምን ዓይነት ቅርፅ እንዳለው መመርመር ይችላል። በጥላው በኩል፣ ጨለማው መጨረሻ ላይ፣ ከጠረጴዛው ተንፀባርቆ የሚመለስ ደብዛዛ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ማስተዋል ይችላል። ይህ ሁሉ ስሜትን አይጠይቅም፤ መቀመጥንና ማየትን ይጠይቃል። የምንወቀሰውም የምንመሰገነውም በዚህ ነው።

በሌላው የኑሮ ዘርፍ ይህን ሁላችንም እንቀበላለን። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩት ስሜት ሲመጣላቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ቀን ጾማችንን ባደርን ነበር። በጭስ ዓይናቸው እየነደደ፣ ደክሟቸው፣ ምናልባትም አዝነው የጋገሩትን እንጀራ "ይህ እንጀራ ሐሰት ነው" ያለ ሰው የለም። በሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት የርኅራኄ ስሜት ላይሰማት ይችላል፤ የሚሰማት እንቅልፍ ነው። ነገር ግን ተነሥታ በሽተኛውን ታገላብጠዋለች፤ ውኃ ታቀርብለታለች። ግብዝ ናት እንላለንን? እንዲያውም ስሜት ሳያግዛት የፈጸመችው ስለሆነ የበለጠ እናከብራታለን።

ከዚህ ላይ "ግብዝ" የሚለውን ቃል ማጥራት ይገባል። ግብዝነት በውስጥ የሌለውን በውጭ ለሰው ማሳየት ነው። ስለዚህ ግብዝነት ሁልጊዜ ተመልካች ይፈልጋል። በመሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ የልምምድ ደብተር ግን ተመልካች የለውም። በደብተሩ ላይ የተሣለው ጠማማ ጀበና "ሠዓሊዬ ዛሬ በስሜት ተቃጥሏል" ብሎ ለማንም አያውጅም። ማንንም ያላታለለ ነገር እንዴት ማታለል ይባላል?

አሁን ደግሞ ይህን ሐሳብ በሥራ ካሳዩት ሰዎች ጥቂቶቹን እናንሣ። ስለ ጥንቱ ግሪካዊ ሠዓሊ ስለ አጴሌስ የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ሲተርክ፣ ምንም ያህል ሥራ ቢበዛበት ቢያንስ አንድ መስመር ሳይሰምር ቀኑን እንደማያሳልፍ ጽፏል። አንድ መስመር ምንም አይደለም። ነገር ግን አጴሌስ የጠበቀው መስመሩን ሳይሆን ከእጁ ጋር ያለውን ስምምነት ነው።

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1760 ተወልዶ በ1849 አረፈ። በዓለም ሁሉ የታወቀውን የታላቁን ማዕበል ሥዕል የሠራው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 ባሳተመው የፉጂ ተራራ ሥዕሎች መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከሰባ ዓመቱ በፊት የሠራውን ሁሉ ከቁጥር የማይገባ አድርጎ ጻፈ፤ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ነገር ገና በሰባ ሦስት ዓመቱ ጥቂት መረዳት እንደጀመረና ዕድሜ ቢሰጠው እየተሻሻለ እንደሚሄድ ገለጸ። ነገር ግን በቃል ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1842 እና በ1843፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ የአንበሳ ሥዕል በቀለምና በብሩሽ የመሣል ልማድ ያዘ። በአገሩ ልማድ ክፉ ነገርን ይከላከላል በሚል ያደርገው ነበር። ከእነዚህ አንበሶች ከ200 የሚበልጡት እስከ ዛሬ አሉ። አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ያዛጋል። እነዚያ ሁሉ ጠዋቶች ለአንድ ሰማንያ ዓመት ለዘለለ ሽማግሌ እኩል የደስታ ጠዋቶች ነበሩ ብሎ የሚያምን ካለ እርጅናን አያውቅም።

ቪንሰንት ቫን ጎግ ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው። ብዙዎቻችን "ቫን ጎግ" ሲባል በስሜት የሚነድ፣ ሳያስብ ቀለም የሚረጭ ሰው ይታየናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ለጀማሪዎች የተዘጋጀውን የሻርል ባርግን የሥዕል ትምህርት ቅጠል በቅጠል መገልበጥ ነበር። በ1885 "ድንች ተመጋቢዎች" የተባለውን ሥዕሉን ከመሥራቱ በፊት በዚያው ክረምት የገበሬዎችን ራስ ብቻ ወደ 40 ጊዜ ያህል በቀለም ሣለ። በ1890 በ37 ዓመቱ ሲሞት ከ800 በላይ የቀለም ሥዕሎችና ከአንድ ሺህ በላይ የእርሳስ፣ የቀለም ብዕርና የመሳሰሉ ሥራዎች ትቶ ነበር። ይህ ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ነው። ለወንድሙ ለቴኦ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ተስፋ ይቆርጥ እንደነበር ይመሰክራሉ። ተስፋ በቆረጠበትም ቀን ግን ይሠራ ነበር። የስሜት ሰው ብለን የምንጠራው ይህ ሰው የልምምድ ሰው ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ቀና ሲል ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቶ ያያል። ከመቶ የሚበልጡ ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ወደ ታች ይመለከታሉ። ሁሉም ክንፍ አላቸው፤ ሁሉም ትልልቅ ዓይን አላቸው፤ በመልክ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ትኩር ብሎ ላያቸው አመለካከታቸው አንዱ ከሌላው ጥቂት ይለያል። እስቲ የሠራውን እጅ እናስብ። አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ አንድ ፊት ጨረሰ፤ ሁለተኛውን ጀመረ፤ አሥረኛው ላይ ደረሰ፤ ሰማንያኛው ላይ ደረሰ። በሰማንያኛው ፊት ላይ ልቡ እንደ መጀመሪያው ይነድ ነበርን? ማናችንም ልናውቅ አንችልም። ከጣሪያው ሥር ቆሞ "ይኸኛው በስሜት የተሠራ ነው፤ ያኛው በድካም የተሠራ ነው" ብሎ ሊለይ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። ቁም ነገሩም ይኸው ነው። የሠሪው የዕለት ስሜት እንደ ጠዋት ጉም ተነሥቶ ሄዷል። የቀረው በትክክል የተሰመረው ቅንድብና በጥንቃቄ የተቀባው ቀለም ነው። ይህን የሚያህል ሥራ በስሜት መምጣትና መሄድ ላይ ተመሥርቶ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው እስከ ዛሬ ባዶውን በቀረ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። "እንግዲያው ሰው ማሽን ይሁን ማለትህ ነውን? ስሜት ካላስፈለገ በመሥሪያ ቤት ያለው ማባዣ ከሁላችን የበለጠ ትጉህ ሠዓሊ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ይህንን ጽሑፍ ያባዛውን መሣሪያ እንውሰድ። ስቴንስሉ ከተገጠመለት በኋላ እጀታው በዞረ ቁጥር አንድ ገጽ ይተፋል። መቶ ገጽ ካተመ በኋላ ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ ምናልባት ቀለሙ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የተማረው ነገር የለም። መቶኛው ገጽም ከመጀመሪያው አይሻልም። ጀበናን መቶ ጊዜ የሣለ ሰው ግን ሲጀምር የነበረው ሰው አይደለም። በሦስተኛው ቀን አንገቱ መሐል ላይ አለመሆኑን ያያል። በአሥረኛው ቀን ጀበናው በማቶቱ ላይ ሲቀመጥ ጥቂት ማዘንበሉን ያያል። ቆየት ብሎ ደግሞ ጥላ ሁሉ ጥቁር አለመሆኑን ያስተውላል። የማሽን ድግግሞሽ ገጽን ያበዛል፤ የሰው ድግግሞሽ ሰውን ይለውጣል። ስለዚህ ከስሜት ነጻ የሆነ ልምምድ ከማስተዋል ነጻ የሆነ ልምምድ ማለት አይደለም። ማስተዋል የሌለበት ድግግሞሽ፣ ያ የተቀዳ ዓይን ሠዓሊ የሚያደርገው ነው፤ እርሱን አስቀድመን ነቅፈነዋል።

ስሜትንም ጠላት አድርጌ እንዳልቆጠርኩት ይታወቅልኝ። ስሜት ታላቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሥራው በፊት ሳይሆን በሥራው መሐል ነው። እርሳሱን ሳይወድ ያነሣ ሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ የእጀታው ጥላ ሲገለጥለት ሳያስበው ይደሰታል። እንግዳ ቤቱ የሚመጣው በሩ ሲከፈትለት ነው። የማይመጣበትም ቀን አለ። የማይመጣበትም ቀን ቢሆን ያቺ ገጽ ከንቱ አልሆነችም፤ እጅ ተምሮባታል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው "አትቸኩል፣ ጊዜ ራሱ ያደርገዋል" ለማለት ነው። ነገር ግን እንቁላልን በእግሩ የሚያስኬደው ጊዜ ብቻ አይደለም። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንቁላልም ጊዜ ያልፍበታል፤ እርሱ ግን ይገማል። ጫጩት የሚሆነው ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ተቀምጣ ስለምታሞቀው ነው። ዶሮዋ ደስ ሲላት ብቻ የምትቀመጥ ብትሆን አንድም ጫጩት ባልተፈለፈለ ነበር። ተሰጥኦም እንዲሁ ነው። ተሰጥኦ አለኝ ብሎ በመደርደሪያ ያስቀመጠው ሰው እንቁላሉን እያስገማው ነው።

ይኸው ምሳሌ ሁለተኛውንም ስሕተት ያርምልናል። በአንድ ወገን ስሜት ካልመጣ አልሥልም የሚል አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ቀን የሚቆጥር አለ። "ስልሳ ቀን ሳላቋርጥ ሥያለሁ" እያለ ይኩራራል፤ የዕለቱን ገጽ በስልኩ አንሥቶ ለሰው ሁሉ ያሳያል፤ በስልሳ አንደኛው ቀን ታሞ ከቀረ ግን ሁሉ ነገር የፈረሰ መስሎት ደብተሩን ይጥላል። አስቀድመን ግብዝነት ተመልካች ይፈልጋል ብለናል፤ እነሆ ተመልካቹ በዚህ በኩል መጣ። ይህ ሰው የሚያሳድገው እጁን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ዶሮዋ ግን እህል ልትለቅም፣ ውኃ ልትጠጣ ከእንቁላሎቿ ላይ ጥቂት ትነሣለች፤ እንቁላሉም በዚህ አይሞትም። ጥቅሙ ያለው አለመነሣቷ ላይ ሳይሆን ተመልሳ መቀመጧ ላይ ነው። ሁለት ቀን ያመለጠው ሰው በሦስተኛው ቀን ያለ ብዙ ጸጸትና ያለ ብዙ ንግግር ተመልሶ ይቀመጥ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ሳላነሣ ብቀር ይህ ጽሑፍ ከንቱ ይሆናል። እርሱም፣ በቤታችን ሥራ ሞልቶ፣ ኑሮ ከብዶ ሳለ በየቀኑ ለሥዕል ጊዜ መስጠት ተገቢ ነውን? የሚለው ነው። ወላጆቻችን "ሥዕል እንጀራ አይሆንም" ሲሉን ብዙዎቻችን "አልገባቸውም" ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ስጋታቸው ከፍቅርና ካዩት ችግር የመነጨ ስለሆነ በንቀት ሊመለስ አይገባውም። እናት ውኃ ተሸክማ ስትመጣ ልጅ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ብርሃንና ጥላ የሚያጠና ከሆነ፣ ያ ልጅ ብርሃንን አይቶ ሰውን አላየም። ከሌላው ድካም ተሰርቆ የተገኘ ጊዜ፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር፣ በጎ ሥራ አይባልም።

ስለዚህ መጠን ያስፈልጋል። መጠንም የልምምድ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ጠባቂው ነው። በቀን 20 ደቂቃ ከእናት ሥራም፣ ከፈተና ጥናትም፣ ከታናሽ ወንድም የቤት ሥራም ብዙ አይቀንስም። በሳምንት አንድ ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ከቤት ሥራ ሸሽቶ ከመሣል፣ በየቀኑ ዕቃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ 20 ደቂቃ መቀመጥ ለእጅም ለቤተሰብ ሰላምም ይሻላል። እጅ በሳምንት አንድ ጊዜ የተማረውን በስድስቱ ቀን ይረሳዋል፤ በየቀኑ የተማረውን ግን ያቆየዋል። ወረቀት ውድ ከሆነ በአንድ ወገኑ የተጻፈበት ወረቀት ጀርባው ባዶ ነው። እርሳስ ከታጣ ከምድጃ የወጣ ከሰል ይሥላል። ላጲስ አለመኖሩም ጥቅም አለው፤ የተሳሳተው መስመር ሳይጠፋ ይቆይና ትክክለኛውን አጠገቡ እንድንፈልግ ያስገድደናል። የሚሣል ነገር ደግሞ አይጠፋም። ጀበና፣ ጫማ፣ በር፣ የገዛ ግራ እጃችን ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ናቸው።

በመጨረሻም፣ ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ሁላችንም ሠዓሊ አንሆንም። አብዛኞቻችን አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንሆናለን። ታዲያ ሠዓሊ የማይሆን ሰው በየቀኑ መሣሉ ዋጋ አለውን? አለው እላለሁ። ምክንያቱም ልምምዱ የሚያስተምረው ከእርሳስ አያያዝ የሚበልጥ ነገር ነው። የሚያውቀውን ትቶ የሚያየውን መቀበልን ያስተምራል። ጀበናውን "አውቀዋለሁ" ብለን ሙሉ ክብ እንደምንሥለው፣ ሰውንም "አውቀዋለሁ" ብለን በልባችን ሣልነው ጨርሰናል። ጎረቤታችንን "ቁጡ" ብለን፣ አባታችንን "ዝምተኛ" ብለን፣ በር ላይ የሚቀመጠውን ዘበኛ ደግሞ ምንም ሳንለው አልፈናል። የዘበኛውን እጅ ፈቅዶልን ለ20 ደቂቃ ብንሥል፣ የጣቶቹን መገጣጠሚያ፣ የቆየውን ጠባሳ፣ ዱላውን አጥብቆ የያዘበትን አውራ ጣት እናያለን። ከዚያ በኋላ በፊቱ ሰላምታ ሳንሰጥ ማለፍ ይከብደናል።

ጓደኛዬ ልቡ ዝም ባለበት ቀን እጁ መናገር እንደሌለበት ነግሮኝ ነበር። የምመልስለት ይህን ነው። ወንድሜ፣ ልብህ ዝም ባለበት ቀን እጅህ አይናገር፤ ያዳምጥ። መሣል ከመናገር በፊት ማዳመጥ ነውና። ያላዳመጠ ሰው ስሜቱ በመጣለት ቀን የሚናገረው ነገር አይኖረውም፤ ወይም ደግሞ ሌሎች የተናገሩትን ይደግማል። ያዳመጠ ሰው ግን ስሜቱ ሲመጣ የተዘጋጀ እጅ ያገኛል።

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመጻሕፍት ሥር የገባ ደብተር ያለን ሁላችን ደብተሩን እናውጣው። ስድስት ገጽ ተሞልቶ ቀሪው ባዶ ቢሆን አያሳፍርም። ዛሬ ማታ ዕቃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ አንድ ጀበና እናስቀምጥና ሰባተኛውን ገጽ እንጀምር። ስሜቱ ከመጣ መልካም፤ ካልመጣም ጀበናው አለ።

ይቆየን።